ስለ ቤት ሠራተኛ፤ የአገር ልጅ ወይስ እንግዳ?



በሐርጌሳ ከተማ መካከል ዋሄን የሚባል ታላቅ ገበያ አለ። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የረመዳን ጾም ሊገባ ሲል በሌሊት እሳት ተነሥቶበት እጅግ ብዙ ሱቅ አመድ ሆነ። በዚህ ገበያ ዕቃቸውን ዘርግተው ቤተ ሰባቸውን ከሚያስተዳድሩት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። እናት ከጧት እስከ ማታ በገበያ ስትውል ሕፃኑን የሚይዝ፣ እሳቱን የሚያነድ ሌላ እጅ ያስፈልጋል። ስለዚህም በዚያች ከተማ በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ በቤታችን አድራ የምታገለግለንን ከአገራችን ልጆች እንውሰድን ወይስ በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ በኩል ከኢትዮጵያ ከሚመጡት?

ይህ የሌላ አገር ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን የሚል ቢኖር ሁለት ነገር ያስብ። አንደኛ፣ በዚያ ደጅ ቆመው ሥራ የሚለምኑት እኅቶቻችንና ልጆቻችን ናቸው። ሁለተኛ፣ ጥያቄው ከእኛም ቤት አለ። በአዲስ አበባ ወይም በደሴ የምትኖር እመቤት የጎረቤቷን ልጅ ትታ ከሩቅ ገጠር የመጣችውን በደላላ ስታስፈልግ፣ ሠራተኛዪቱ የአገር ድንበር አልተሻገረችም እንጂ ምርጫው ያው ነው።

ሁለቱም ወገን የሚያቀርበው ምክንያት አለው። የአገር ልጅ ትቀጠር የሚሉት ወገንን ማስቀደም ይገባል ይላሉ። በ2009 ዓ.ም. በሶማሌላንድ ድርቅ ጸንቶ ከብቱና ግመሉ ባለቀ ጊዜ፣ ብዙ አርብቶ አደር ቤተ ሰብ ባዶ እጁን ቀርቶአልና ነገሩ እውነት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በምዕራፍ 5 ለቤተ ሰቡ የማያስበውን ሰው አጥብቆ ይገሥጻል። እንግዳይቱ ትቀጠር የሚሉት ደግሞ፣ እርስዋ ትጉህ ናት፣ የምታገኘውንም ደመወዝ ላረጁ ወላጆቿና ለታናናሾቿ ትሰዳለችና ለእርስዋም በረከት ነው ይላሉ። ይህም እውነት ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ በራሱ ኀጢአት አይደለም።

ነገር ግን በዝግታ የሚነገር ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ ልባችንን የምንመረምረው በዚህ ላይ ነው። እንግዳይቱ ማታ ወደ ቤቷ አትሄድም። ዘመድ ሞተብኝ ብላ አትቀርም። ብትሰደብ የሚቆጣላት ወንድም፣ ደመወዟ ቢቀር የሚጠይቅላት ሽማግሌ በአጠገቧ የለም። የአገሪቱ ልጅ ጎሣ አላትና ብትበደል ዘመዶቿ መጥተው ደጅ ይቆማሉ፤ የእንግዳይቱ ዘመዶች ግን ከድንበሩ ማዶ ናቸው። እንግዲህ «ትጉህ ናት» የምንለው ቃል ሊፈተን ይገባዋል። መሄጃ ማጣቷን ትጋት ብለን ጠርተነው እንደ ሆነስ? ስለዚህ ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው ሁሉ ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፤ «የእናቷ ቤት በሚቀጥለው መንደር ቢሆን ኖሮ ይህችን ልጅ እመርጣት ነበርን?» አዎን የሚል በንጹሕ ልብ መርጧል። አይደለም የሚል ግን የመረጠው ሠራተኛዪቱን ሳይሆን ረዳት የለሽነቷን ነው።

«በፈቃዷ መጣች፤ በደመወዙም ተስማማች» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። መልካም፤ ሥራዋን ሸጣለች። ሌሊቷን፣ የዕረፍት ቀኗንና የመታወቂያ ወረቀቷን ግን አልሸጠችም። በ2003 ዓ.ም. በጄኔቫ በዓለም የሥራ ጉባኤ የጸደቀው ስለ ቤት ሠራተኞች የተደነገገው ስምምነት በየሳምንቱ ሳይቋረጥ 24 ሰዓት እንድታርፍ፣ በዕረፍቷም ጊዜ በቤት እንድትቆይ እንዳትገደድ፣ ወረቀቷንም ራሷ እንድትይዝ ያዝዛል።

ይህ አዲስ ነገር እንዳይመስለን፤ ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 24 ቁጥር 14 እና 15 ድኻውን ምንደኛ፣ ከወንድሞችህም ቢሆን በአገርህ ካለውም መጻተኛ ቢሆን፣ እንዳታስጨንቀው፣ ዋጋውንም ፀሐይ ሳትጠልቅ እንድትከፍለው ያዝዛል። አስተውሉ፤ ወንድምና እንግዳ በአንድ ትእዛዝ ተጠቅልለዋል። እኛ ማንን እንቅጠር ብለን ስንጠይቅ፣ የእግዚአብሔር ቃል የቀጠርኸውን እንዴት ያዝኸው ብሎ ይመልስልናል።

በአብርሃምም ቤት የነበረችው አገልጋይ ግብፃዊት ነበረች። በኦሪት ዘፍጥረት ታሪኳን ስናነብ አብርሃምና ሣራ ባሪያዪቱ ይሏታል እንጂ በስሟ ሲጠሯት አንሰማም። በምድረ በዳ «አጋር» ብሎ በስሟ የጠራት የእግዚአብሔር መልአክ ነው። ሰው የረሳውን ስም እግዚአብሔር ያውቀዋል።

እንግድነት ተራ መሆኑንም ዘመናችን አሳይቶናል። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በጦርነት ስትፈርስ፣ መቶ ሺህዎች ድንበር ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ፤ ብዙዎቹም እስከ 1996 ዓ.ም. በቆየው በሐርተሼክ መጠለያ ተቀመጡ። ዛሬ መንገዱ ተገልብጦ የኢትዮጵያ ልጅ በሐርጌሳ ደጅ ትቆማለች። ነገ ማን በማን ደጅ እንደሚቆም የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

አባታችን ማርቲን ሉተር በትንሹ ካቴኪዝም የዕለት እንጀራን ልመና ሲያብራራ፣ እንጀራ ከሚባሉት ስጦታዎች መካከል ታማኝ የቤት አገልጋዮችን ይቈጥራል። እንግዲህ በቤታችን ያለችው ልጅ በጸሎት የተቀበልናት ስጦታ ናት። ነገር ግን ይህንኑ ጸሎት እርስዋም በማድቤት ሆና ትጸልያለች፤ ለእርስዋም ልመና መልስ እንድንሆን የተሾምን እኛ ነን። እሑድ ጧት መዝሙር መጽሐፋችንን ይዘን ወጥተን፣ እርስዋን ከድስቱ ጋር ቈልፈንባት ብንሄድ፣ ይህን ጸሎት በምን አፍ እንጸልያለን? እምነቷ ከእኛ የተለየ ቢሆንም ወደ ጸሎት ቤቷ የምትሄድበት ጊዜ ይገባታል።

የአገራችን ሕግ በዚህ ነገር ብዙ አልገፋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው በቤቱ ለሚያድረው ሠራተኛ ማደሪያ፣ ምግብና የዕረፍት ጊዜ እንዲያስብ አዘዘ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን የቤት ሥራን ቅጥር ለብቻው በደንብ እንዲወሰን ተወው። ሕግ ከደጅ ሲቀር ሕሊና እስከ ማድቤት ይገባል።

ስለዚህ፣ ወዳጆች ሆይ፣ የአገር ልጅም ብትቀጥሩ እንግዳይቱንም ብትቀጥሩ፣ ደመወዟን በቀኑ ክፈሉ፤ በር የሚዘጋ ማደሪያ ስጧት፤ ዕረፍቷን አትንኩ፤ ወረቀቷን አትያዙባት፤ በስሟ ጥሩአት። ልሂድ ባለችም ቀን በሰላም ሸኙአት። መሄድ እየቻለች በቤታችሁ ብትቆይ፣ ያን ጊዜ በእውነት ትጉህና ታማኝ አገልጋይ አግኝታችኋል።

ስለ እኛ የባሪያን መልክ የያዘ ጌታ ይህን ልብ ይስጠን። አሜን።