ኖኅ ያስገባውን ማን አስወጣው?

በልጆች አገልግሎት የምታስተምሩ ይህን ሳታዩ አትቀሩም። ስለ ፍጥረት ትምህርት ሲጀመር ልጆቹ እጃቸውን የሚያወጡት ስለ በግና ስለ ላም ለመጠየቅ አይደለም። ዳይኖሰር የት ሄደ? ማሞዝ ምን ሆነ? ይላሉ። በር ላይ የተኛችውን ድመት ሳያዩ ያለፉ ልጆች ስለጠፋ እንስሳ ሲወራ ዓይናቸው ይበራል።

አንድ እሑድ ስለ ኖኅ መርከብ ሳስተምር፣ የ7 ዓመት ልጅ ዶዶ የሚባለውን ወፍ ስሎ አመጣ።

«ቲቸር፣ ኖኅ ይሄንንም አስገብቶት ነበር?»

«አዎ፣ ወፎችን ሁሉ አስገብቷል» አልኩት።

«ታዲያ አሁን የት አለ?»

«ጠፍቷል።»

«ለምን?»

ሰዓቱ አልቋል፤ ወላጆች በር ላይ ቆመዋል። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ ነው» ብዬ ላልፍ ስል ልጁ ግንባሩን ቋጠረ። «እንዲጠፋ ከፈለገ ለምን መርከቡ ውስጥ አስገባው?»

መልስ አልነበረኝም። በዚያው ሳምንት ስለ ዶዶ አነበብኩ። የሚኖረው በሕንድ ውቅያኖስ ባለችው በሞሪሺየስ ደሴት ብቻ ነበር። የርግብ ዘመድ ቢሆንም ቁመቱ አንድ ሜትር ያህል ነው፤ መብረር አይችልም። በደሴቲቱ የሚያጠቃው አውሬ ስላልነበረ ሰውን አይፈራም፤ እንቁላሉንም መሬት ላይ ይጥላል። የሆላንድ መርከበኞች እ.ኤ.አ. በ1598 ደረሱ። አንዳንዱን ወፍ ገድለው በሉት። ይበልጥ የጎዱት ግን በመርከብ የመጡት አይጦች፣ አሳማዎችና ጦጣዎች ናቸው፤ እንቁላሉን በሉ። ጫካውም ተመነጠረ። ዶዶን በሕይወት አየሁ ካሉት ምስክሮች ብዙ ተመራማሪዎች የመጨረሻ አድርገው የሚቀበሉት የ1662ቱን ነው። በ64 ዓመት ውስጥ ማለት ነው! «ይህን ወፍ ከምድር ላጥፋ» ብሎ የተነሣ ግን አልነበረም።

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ ማንም ያላሰበው ጥፋት የማን ነው? አንዱ ወፍ ገደለ፣ ሌላው አሳማ ለቀቀ፣ ሦስተኛው ዛፍ ቆረጠ። እያንዳንዱ ቢጠየቅ «እኔ ምን አደረግሁ?» ይላል። በእርግጥም ድርሻው ትንሽ ነው። ትንንሹ ሲደመር ግን አንድ ፍጥረት ጠፋ።

እንዲህ ያለ ጥፋት ሲገጥመን ሁለት መሸሸጊያ አለን። አንዱ «አላወቅሁም» ነው። ሌላው እኔ ለልጁ የሰጠሁት መልስ ነው። መንፈሳዊ ይመስላል፤ ነገር ግን አዳም በገነት ሲጠየቅ ነገሩን ወደ ሰጪው ከመለሰበት መልስ አይርቅም (ዘፍ. 3፥12)። እግዚአብሔር ሉዓላዊ ነው። ሉዓላዊነቱን የገዛ እጃችን ሥራ መሸፈኛ ስናደርገው ግን ስሙን በከንቱ እንጠራለን። ዘፍጥረት 9ን አንብቡ፤ ከጥፋት ውኃ በኋላ የገባው ኪዳን ከመርከቡ የወጡትን ወፎችና አራዊትም ያካትታል። ልጁ ልክ ነበር።

«አላወቅሁም» የሚለውስ? ዘሌዋውያን 4 ሰው ሳያውቅ ስለሚሠራው ኃጢአት ያስተምራል። አለማወቁ ነገሩን አልሰረዘውም፤ ባወቀ ጊዜ መሥዋዕት ማቅረብ ነበረበት። ስለዚህ እያንዳንዳችን የምንጠየቀው ካወቅን በኋላ ባደረግነው ነው።

መርከበኞቹ አላወቁም ይሆናል። እኛ ግን እናውቃለን። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ዛሬ የቀረው 500 ያህል ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በባሌ ተራሮች ይኖራል። ክፉኛ ከጨረሱት ነገሮች አንዱ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እረኛው ከብቱን ይዞ ወደ ተራራው ሲወጣ ውሻው ይከተለዋል፤ ያልተከተበው ውሻ በሽታውን ለቀበሮው ያስተላልፋል። እረኛው ቀበሮውን አይጠላም፤ መርከበኛውም ዶዶን አልጠላም ነበር። ዛሬ ግን ክትባት አለ፤ በባሌ እየዞሩ ውሾችን የሚከትቡ ሰዎችም አሉ። ውሻው ሲከተብ ቀበሮው ብቻ ሳይሆን የእረኛው ልጅም ይተርፋል።

በሚቀጥለው እሑድ ልጁን ጠራሁት። «ባለፈው የነገርኩህ ትክክል አልነበረም። ዶዶን ያጠፋነው እኛ ሰዎች ነን።»

ጥቂት አሰበና፣ «ክፉ ሰዎች ነበሩ?» አለኝ።

«እንደ እኔና እንደ አንተ ያሉ ናቸው። አላስተዋሉም።»

«አሁንስ ሊጠፋ የደረሰ አለ?»

ስለ ቀይ ቀበሮ ነገርኩት። ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው ቀበሮ መሳል ጀመረ።

ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ባሌ ላትኖሩ ትችላላችሁ። የግቢያችሁ ውሻ ግን ተከትቧል? ኅብረታችሁ ለጸሎት ወንዝ ዳር ውሎ ሲመለስ ላስቲኩና የውኃ ጠርሙሱ የት ቀረ? «የእኔ ድርሻ ትንሽ ናት» ማለት ሲቃጣን ዶዶን እናስታውስ። ድርሻን ማመን የንስሐ መጀመሪያ ነው። ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።