ለክፉ ቀን ማምረት፦ የመንግሥት ትእዛዝ የሞራል ወሰን

ጦርነት፣ ወረርሽኝ ወይም ድርቅ ሲመጣ አንድ አገር አስቀድሞ የሚያጣው በሰላሙ ዘመን ከቁም ነገር ያልቆጠራቸውን ዕቃዎች ነው፤ ጭምብል፣ መርፌ፣ ጎማ፣ ብረት፣ ዱቄት። እነዚህን የሚያመርቱ ፋብሪካዎች በብዙ አገሮች የግል ናቸው፤ የሚንቀሳቀሱትም በትርፍና ኪሳራ ስሌት ነው። በክፉ ቀን ግን ማን ምን ያምርት፣ ለማን ያስቀድም፣ በስንት ይሽጥ የሚለው ጉዳይ ለገበያ ብቻ አይተውም። መንግሥት በአራት መንገዶች ይገባበታል፤ መጠባበቂያ ክምችት ይይዛል፣ የራሱ ትእዛዝ ከሌሎች ደንበኞች ትእዛዝ እንዲቀድም ያስገድዳል፣ አዲስ የማምረት አቅም እንዲገነባ ገንዘብ ያቀርባል፣ በሌላ ጊዜ መመካከር የተከለከሉ ተፎካካሪዎች አብረው እንዲያቅዱ ይፈቅዳል።

ከአራቱም ጀርባ አንድ የፍልስፍና ጥያቄ አለ። የአንድን ሰው ፋብሪካ፣ ጉልበትና ሙያ ለሁሉም ደኅንነት ማዘዝ ተገቢ የሚሆነው መቼ ነው? የተለመደው መልስ “ችግር ሲደርስ” የሚል ነው። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው፤ ችግሩ ከመድረሱ በፊት አዛዡ ምን ሲያደርግ እንደ ነበር አይጠይቅምና።

እምነትና ዝግጅት

ከሃይማኖት ወገን የሚነሣው የመጀመሪያ ጥርጣሬ ዝግጅትን ራሱን ይመለከታል። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ነገ መጨነቅን ይከለክላል፤ እንዲህ ከሆነ ለነገ ማከማቸት የእምነት ማነስ አይደለምን? መጽሐፈ ምሳሌ በአንጻሩ ታካቹን ሰው ከገብረ ጉንዳን እንዲማር ይልከዋል። ሁለቱ የሚጋጩ የሚመስሉት ጭንቀትና ጥንቃቄ እንደ አንድ ሲቆጠሩ ነው። የተራራው ስብከት የሚነቅፈው ልብን የሚገዛ ፍርሃትን ነው፤ ከገብረ ጉንዳን የሚገኘው ትምህርት ደግሞ ወቅትን ማወቅ ነው። በቲርሚዚ የሐዲስ ስብስብም ነቢዩ መሐመድ ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ ላሰበው ሰው አስቀድሞ እንዲያስር፣ ከዚያም እንዲመካ መምከራቸው ተዘግቧል።

ለገዢ ደግሞ ጉዳዩ ከግለሰብ ይልቅ ይከብዳል። ባሕታዊ ለራሱ ረኀብን ሊመርጥ ይችላል፤ ባለሥልጣን ግን የራሱን እምነት በሌላው ሰው ረኀብ ሊያስመሰክር አይችልም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 89 የተፈጥሮና ሰው ሠራሽ አደጋ እንዳይደርስ መከላከልን፣ ሲደርስም ለተጎጂው በወቅቱ እርዳታ ማቅረብን የመንግሥት ግዴታ አድርጎ ሲደነግግ ይህንኑ ኀላፊነት በሕግ ቋንቋ መናገሩ ነው።

የዮሴፍ ሁለት ምዕራፎች

ስለ መንግሥት ዝግጁነት ከሚነገሩ ታሪኮች ሁሉ የታወቀው በኦሪት ዘፍጥረት የሚገኘው የዮሴፍ ታሪክ ነው። በምዕራፍ 41 ዮሴፍ የፈርዖንን ሕልም ከፈታ በኋላ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛው እጅ ተሰብስቦ በየከተማው እንዲከማች ያደርጋል። በስብከት ደጋግሞ የሚወሳው ይህ ምዕራፍ ነው። ምዕራፍ 47 ግን ጎተራው ከተከፈተ በኋላ የሆነውን ይተርካል። ሕዝቡ እህሉን መጀመሪያ በገንዘቡ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ በከብቱ፣ ከብቱ ሲያልቅ በመሬቱና በገዛ ራሱ ይገዛል። ከካህናቱ ርስት በቀር የግብፅ ምድር በሙሉ የፈርዖን ይሆናል፤ ገበሬውም ከዚያ ወዲያ አምስተኛውን እጅ እየገበረ ያርሳል።

ዮሴፍን የሚደግፉ ተርጓሚዎች አራት አምስተኛውን ለአራሹ መተው በጥንቱ ዓለም ልክ ቀላል ግብር እንደ ነበር ያስረዳሉ፤ መጽሐፉም ሕዝቡ ነፍሱን ስላተረፈለት ማመስገኑን ይናገራል። ይሁን እንጂ እህሉ የበቀለው በዚያው ሕዝብ ማሳ ላይ ነበር። ያረሰው ሰው የገዛ ምርቱን መልሶ ለመብላት ነፃነቱን ከፈለ። እህሉን ሁሉ በእጁ የያዘ አካል የተራበው ሰው ያለውን ሁሉ ሊጠይቅ የሚችል አካል ነው። ስለዚህ የዝግጅት ፍትሐዊነት የሚፈተነው ሁለት ጊዜ ነው፤ ጎተራው ሲሞላና ጎተራው ሲከፈት። በመጀመሪያው ፈተና የተመሰገነ አስተዳደር በሁለተኛው ሊወድቅ ይችላል።

ባለሙያን የማስገደድ መብት

የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት ግዴታን ከክምችት አልፈው እስከ ሥራው ድረስ ተከትለውታል። ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ዘመን በጻፈው ሱማ ቴዎሎጊያ ውስጥ በከፍተኛ ችግር ጊዜ ንብረት ሁሉ የጋራ እንደሚሆን፣ ለሕይወቱ የሚያስፈልገውን የወሰደ ችግረኛም ሌባ እንደማይባል ይከራከራል። ይህ አስተሳሰብ ንብረት ሰዎች ለኑሮ መልካም ሥርዓት ያጸኑት እንደ ሆነ፣ የምድር ፍሬ ለሰው ሁሉ መሰጠቱ ግን ከዚያ እንደሚቀድም ከመቀበል የመጣ ነው።

የእስልምና ሊቃውንት ወደ አውደ ሥራው ይበልጥ ይቀርባሉ። በ1111 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ) ያረፈው አል ገዛሊ ኅብረተሰብ ያለ እነርሱ ሊቆም የማይችልባቸውን እንደ እርሻ፣ ሽመናና ልብስ ስፌት ያሉ ሙያዎች ፈርድ ኪፋያ ይላቸዋል፤ በቂ ሰው ከሠራቸው ሌላው ነፃ የሚወጣባቸው፣ ማንም ካልሠራቸው ግን ሁሉም የሚጠየቅባቸው ግዴታዎች ናቸው። በ1328 ያረፈው ኢብን ተይሚያ ስለ ገበያ ቁጥጥር በጻፈው ሥራው ደግሞ ሕዝቡ የገበሬውን፣ የሸማኔውን ወይም የግንበኛውን ሙያ አጥቶ ሲቸገር ባለሥልጣኑ ባለሙያውን ሊያስገድደው እንደሚችል ያስተምራል። ሆኖም ግዴታው በሁለቱም ወገን ነው፤ ባለሙያው ከተለመደው ዋጋ አስበልጦ እንዳይጠይቅ፣ አሠሪውም ከተለመደው ዋጋ አሳንሶ እንዳይከፍለው ይከለከላሉ።

ከእነዚህ ትምህርቶች ሦስት መመዘኛዎች ይወጣሉ። ችግሩ እውነተኛ መሆን አለበት፤ የሚታዘዘው ነገር ችግሩን የሚያቃልል መሆን አለበት፤ የታዘዘውም ሰው ተመጣጣኝ ዋጋ ማግኘት አለበት። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የግል ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል ማዘዙ ከሦስተኛው መመዘኛ ጋር ይስማማል።

ሕግ የሠራው አጥር

በዘመናዊው ዓለም ለዚህ ጥያቄ ዝርዝር የሕግ መልስ ከሰጡት አገሮች አንዷ ዩናይትድ ስቴትስ ናት። የኮሪያ ጦርነት በሰኔ 1950 እ.ኤ.አ. ሲፈነዳ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ሥልጣን እንዲሰጣቸው ኮንግረሱን ጠየቁ፤ የመከላከያ ምርት አዋጅ የሚባለውንም ሕግ መስከረም 8 ቀን 1950 እ.ኤ.አ. ፈረሙ። አዋጁ ሲወጣ ሰባት ክፍሎች ነበሩት። ንብረት ለመውሰድ፣ ዋጋና ደመወዝ ለመወሰን የሚያስችሉት ክፍሎች በኋላ እንዲያበቁ ተደርገው ሦስት ዐበይት ሥልጣኖች ቀሩ፤ ለአገር ደኅንነት የተሰጠ ትእዛዝ ከሌላው ሁሉ እንዲቀድም ማድረግ፣ የማምረት አቅምን በብድርና በግዢ ዋስትና ማስፋት፣ የአምራቾችን በፈቃደኝነት የሚደረግ ስምምነት ከፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ክስ መጠበቅ። አዋጁ ቋሚ አይደለም፤ ኮንግረሱ በየጊዜው ካላደሰው ያበቃል። የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ዕድሜው ተቆርጦ መሰጠቱ ራሱ የሞራል ጥበቃ ነው፤ ባለሥልጣኑ በየጊዜው ተመልሶ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ያስገድደዋልና።

አጥሩ ብዙም ሳይቆይ ተፈተነ። በሚያዝያ 1952 እ.ኤ.አ. የብረታ ብረት ሠራተኞች አድማ ሊመቱ ሲሉ ትሩማን ብረት ከተቋረጠ በኮሪያ ያለው ጦር ይጎዳል ብለው ፋብሪካዎቹ በመንግሥት እንዲያዙ አዘዙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰኔ 2 ቀን በ6 ለ3 ድምፅ ትእዛዙን ሻረው፤ ዳኛ ሁጎ ብላክ በጻፉት የብዙኃኑ ውሳኔ መሠረት ፕሬዚዳንቱ ኮንግረስ ያልሰጣቸውን ሥልጣን በችግር ስም ሊወስዱ አይችሉም ነበር። አድማው ተጀመረ፤ 53 ቀናትም ቆየ። ፍርድ ቤቱ ብረት አያስፈልግም አላለም። የተናገረው አስፈላጊነት ብቻውን ሥልጣንን እንደማይወልድ ነው።

ትእዛዝ የማይፈጥረው ነገር

የማዘዝ መብት ቢኖርም የማዘዝ ውጤት የተረጋገጠ አይደለም። የኢኮኖሚ ሊቁ ፍሬድሪክ ሃይክ በ1945 ባወጣው ዝነኛ ጽሑፍ እንዳስገነዘበው ለኢኮኖሚ ውሳኔ የሚያስፈልገው ዕውቀት በብዙ ሰዎች ዘንድ ተበትኖ ይገኛል፤ ማእከላዊ አካል ሊሰበስበው አይችልም። የትኛው ማሽን ምን ሊሠራ እንደሚችል፣ የትኛው መለዋወጫ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቀው የፋብሪካው ሰው ነው። ለዚህ ነው ቅንጅት ከትእዛዝ የሚለየው፤ ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቅንጅት ግን የታችኛው ዕውቀት ወደ ላይ እንዲደርስ ይፈልጋል።

ጊዜም እንዲሁ በአዋጅ አይገዛም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት በየካቲት 1942 የቤት መኪና ምርትን አስቁሞ የዲትሮይትን ፋብሪካዎች ወደ ጦር መሣሪያ አዞረ። የፎርድ ኩባንያ ዊሎው ራን በተባለ ስፍራ የሠራው ፋብሪካ በመጨረሻ በየሰዓቱ አንድ ቢ 24 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን እስከ ማውጣት ደረሰ። ይሁን እንጂ ግንባታው የተጀመረው በ1941፣ አገሪቱ ጦርነት ከመግባቷ በፊት ሲሆን ከዚህ ፍጥነት ላይ የደረሰው በ1944 ነበር። በዓለም ታላቁ ኢንዱስትሪ ሦስት ዓመት ያህል የፈጀበትን ነገር ሌላው አገር በሳምንታት ሊያዝዘው አይችልም።

የኮቪድ ወረርሽኝ ይህንኑ አረጋገጠ። በአሜሪካ ብሔራዊ መጠባበቂያ ውስጥ የነበረው የመተንፈሻ ጭምብል በ2009 የጉንፋን ወረርሽኝ ጊዜ ከተሰራጨ በኋላ በበቂ መጠን አልተተካም። በ2020 ጭምብሉ ሲፈለግ በቂ አልነበረም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ትእዛዙ ዘግይቶ መጣ። መጋቢት 27 ቀን 2020 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በ1950ው አዋጅ መሠረት ጄኔራል ሞተርስ ቬንቲሌተር እንዲያመርት አዘዙ። ኩባንያው ግን ቬንቴክ ከተባለው የሕክምና መሣሪያ አምራች ጋር ሥራውን አስቀድሞ ጀምሮ ነበር፤ በኢንዲያና ግዛት በኮኮሞ ከተማም 30,000 መሣሪያዎችን ለመሥራት ተዋዋለ። ለውጡን ያፋጠነው የአንዱ ዕውቀት ከሌላው ማሽን ጋር መገናኘቱ ነበር።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ የሞራልም ነው። በክፉ ቀን የሚወርድ ድንገተኛ ግዳጅ በከፊል የቀድሞ ቸልታ ዕዳ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ብዙ ጊዜ ቸል ያለው ባለሥልጣን አይደለም፣ የታዘዘው አምራችና ዕቃው ያልደረሰለት በሽተኛ ነው። መንግሥት በደኅናው ቀን ባልሠራው መጠን በክፉው ቀን የሚጠይቀው መሥዋዕትነት ሞራላዊ ክብደቱ ይቀንሳል።

ወጪውን ማን ይሸከም

ዝግጅት ከሌሎች በጎ ሥራዎች የሚለየው ሲሳካ ብክነት መምሰሉ ነው። አደጋው ካልመጣ መጋዘኑ በከንቱ የተሞላ፣ ማሽኑ በከንቱ የቆመ ይመስላል። ተመራጭ ባለሥልጣን በዓይን የሚታይ መንገድ ከማይታይ መጠባበቂያ ይልቅ ያስመሰግነዋል፤ የግል ባለሀብትም ላይመጣ ለሚችል ቀን ማሽን ገዝቶ እንዲያስቀምጥ አይጠበቅበትም። አዳም ስሚዝ በ1776 ነፃ ንግድን ሲሟገት እንኳ የእንግሊዝን የባሕር ንግድ ሕግ የደገፈው መከላከያ ከሀብት ይበልጣል በሚል ምክንያት ነበር። እንደ እርሱ አስተያየት ሕጉ ንግድን ይጎዳል፤ ግን ጉዳቱ የደኅንነት ዋጋ ነው።

ይህን ዋጋ የሚያካፍሉበት መንገድ ከአገር አገር ይለያያል። በስዊዘርላንድ ምግብ፣ ነዳጅና መድኃኒት የሚያስገቡ የግል ድርጅቶች የተወሰነ መጠን በክምችት እንዲይዙ በሕግ ይገደዳሉ፤ ወጪው በሸቀጡ ዋጋ ላይ ተጨምሮ ወደ ሸማቹ ይደርሳል። ፊንላንድ በ1993 ያቋቋመችው የአቅርቦት ዋስትና ማእከል ደግሞ ገንዘቡን በዋነኝነት የሚያገኘው በኃይል ፍጆታ ላይ ከሚጣል ክፍያ ነው። ሁለቱም ሸክሙን በሰፊው በትነው በእያንዳንዱ ትከሻ ላይ ቀላል ያደርጉታል። የዮሴፍ ግብፅ ተቃራኒውን አድርጋለች፤ ከባዱ ክፍያ የመጣው በረኀቡ ቀን፣ ሰው የመደራደር አቅሙን ካጣ በኋላ ነበር።

ወሰኑ የት ላይ ያበቃል

የራስን ሕዝብ ማስቀደም እስከ ምን ድረስ ይፈቀዳል? በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ልባሞቹ ደናግል ለሰነፎቹ ዘይት ለማካፈል አልፈቀዱም፤ ታሪኩም አይወቅሳቸውም። ይሁን እንጂ ሰነፎቹ ዘይት የጎደላቸው ሳይዘጋጁ ስለ መጡ ነው። በአገሮች መካከል ያለው ጉድለት ግን ሁልጊዜ የስንፍና ውጤት አይደለም። በመጋቢት 2021 በሕንድ ወረርሽኙ ሲበረታ መንግሥቷ የክትባት ወጪ ንግድን ገደበ፤ ኮቫክስ በተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ማከፋፈያ በኩል ክትባት ይጠብቁ ለነበሩ የአፍሪካ አገሮችም አቅርቦቱ ተስተጓጎለ። በዚያው ዓመት በደቡብ አፍሪካ የተሞሉ የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ክትባቶች ወደ አውሮፓ መላካቸው ፋብሪካው በአገር ውስጥ መኖሩ ብቻ ዋስትና እንደማይሆን አሳየ፤ ምርቱን የሚያዝዘው ውል ነበርና። አፍሪካ የምትጠቀምበትን ክትባት ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውጭ ታስገባ ስለ ነበር የአፍሪካ ኅብረት በሚያዝያ 2021 በአዲስ አበባ የሚገኘውን የአፍሪካ በሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከልን ይዞ እስከ 2040 ድረስ 60 በመቶውን በአህጉሩ የማምረት ግብ አወጣ።

ሕንድ ለዜጎቿ ማድላቷን በሞራል መከላከል ይቻላል፤ መንግሥት ከሁሉ በፊት ተጠሪነቱ ለሾመው ሕዝብ ነውና። ነገር ግን በሰላሙ ጊዜ የዓለም አምራች ነኝ ብሎ ሌሎች የራሳቸውን ፋብሪካ እንዳይሠሩ ያዘናጋ አገር በችግር ጊዜ በሩን ሲዘጋ ያለበት ኀላፊነት ቃል ካልገባ አገር ይከብዳል። በሌላ ወገን ትንሽ አገር ሁሉንም ዕቃ ራሱ ላምርት ቢል ሀብቱን ይጨርሳል። ስለዚህ ዝግጁነት ራስን ከመዝጋት ይልቅ ምን በቤት እንደሚመረት፣ ምን ከጎረቤት ጋር በጋራ እንደሚሠራ፣ ምን በክምችት እንደሚያዝ አስቀድሞ መለየትን ይጠይቃል።

እነዚህ ክርክሮች ሲጠቃለሉ መንግሥት አምራቹን በክፉ ቀን ለማዘዝ ያለው መብት በአምስት ነገሮች ላይ ይቆማል። ሥልጣኑ ከችግሩ በፊት በሕግ የተሰጠና የሚያበቃበት ጊዜ የተወሰነ ይሁን፤ ችግሩ እውነተኛ፣ ትእዛዙም ለችግሩ የሚጠቅም ይሁን፤ የታዘዘው ተመጣጣኝ ዋጋ ይከፈለው፤ መንግሥት ራሱ በደኅናው ቀን የድርሻውን አዋጥቶ የተገኘ ይሁን፤ አደጋው ሲያልፍም ዜጋው መሬቱን፣ ሙያውንና ነፃነቱን እንደያዘ ይቅር። ከአምስቱ ፖለቲከኞች ቶሎ የሚረሱት አራተኛውን ነው፤ ማንም ሳያያቸው ለዓመታት መሥራትን ይፈልጋልና። የቀሩት አራቱ ግን ያለ እርሱ ፍትሐዊ ቢሆኑም የሚያዝዙት ዕቃ አያገኙም።