የቀበሮ ሽራፊ

እ.ኤ.አ. በ1986 የሒሳብ ሊቁ ጄምስ ሙሬይና ባልደረቦቹ የእብድ ውሻ በሽታ በአውሮፓ ቀበሮዎች መካከል እንዴት እንደሚዛመት በቀመር አሳዩ። ቀመሩ ቀበሮዎችን አንድ ሁለት ብሎ አይቆጥርም፤ በካሬ ኪሎ ሜትር ይህን ያህል እያለ ይለካል እንጂ። በስሌቱ የመጀመሪያው ማዕበል ያልፋል፣ በሽታው የጠፋ ይመስላል፣ ከዓመታት በኋላ ሁለተኛው ይነሣል። በመካከሉ በሽታውን ማን ይዞት ቆየ? ዴኒስ ሞሊሰን በ1991 ይህን ሲመረምር፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የቀረው የታመመ ቀበሮ የአንድ ቀበሮ ቢሊዮንኛ፣ የዚያም ቢሊዮንኛ ሆኖ ተገኘ። ወረርሽኙን ዳግም የቀሰቀሰችው ይህች ሽራፊ ናት!

ያስቃል፤ ግን የሒሳብ ጉድለት ብቻ አይደለም። ሽራፊ ቀበሮ አይነክስም፣ አይወልድም። ከአንድ በታች ያለው ዜሮ ነው፣ ዜሮ ደግሞ መመለሻ የለውም። አማካይ ይህን አያውቅም። በኮምፒውተር መቶ ሸለቆዎች ፈጠርን እንበል፤ በሃምሳው 20 ቀበሮ ተረፈ፣ በሃምሳው አንድም አልተረፈም። አማካዩ 10 ነው፤ አሥር ቀበሮ የሚኖርበት ሸለቆ ግን የለም። የሥነ ምህዳር ተመራማሪዎች አንድ ቁርጥ መልስ ከመስጠት ይልቅ ያንኑ ሸለቆ ሺህ ጊዜ እየደጋገሙ የሚያሰሉት፣ ስንት ጊዜ ባዶ እንደሚቀር ለማየት ነው።

ታዲያ ይህ ዕድል የምንለው በዓለም ውስጥ ያለ ነገር ነው ወይስ የእኛ አለማወቅ? እያንዳንዱን ቀበሮና እያንዳንዱን ንክሻ የሚያውቅ አእምሮ ቢኖር ዕድል የሚባል ነገር አያስፈልገውም የሚሉ አሉ። ይሁንላቸው። መንጋው ባነሰ ቁጥር ግን አንድ የታመመ ቀበሮ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መታጠፉ የሁሉንም ዕጣ ይወስናል፤ ያንን አስቀድሞ የሚያውቅ ደግሞ እስካሁን አልተገኘም። ክርክሩ ለቀበሮው የሚፈይድለት ነገር አይታየኝም።

በኢትዮጵያ ባሌ ተራሮች ላይ የትንሽ መንጋ ዕጣ በእውን ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሽታው ወብ ሸለቆ ያሉትን ቀይ ቀበሮዎች ያዘ፤ ከሸለቆው ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ገደማ አለቁ። ሸለቆዎቹን የሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች በደኅናው ጊዜ ቀበሮ ተጓዳኝ ፍለጋ የሚሻገርባቸው ናቸው፤ በክፉው ጊዜ በሽታውም በዚያው ይሻገራል። ዳንኤል ሃይደንና ባልደረቦቹ በ2006 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ግቡን ራሱን ቀየረው፦ በሽታውን ጨርሶ ማጥፋት ቀርቶ፣ ዝርያውን ወደ ዜሮ የሚገፋውን ትልቁን ወረርሽኝ ማስቀረት። ለዚህም በተመረጠ ቦታ ጥቂቶቹን መከተብ ይበቃል።

ጭካኔ አለበት፤ አንዳንድ መንጋ እንደሚያልቅ አስቀድሞ መቀበል ነው። ቢሆንም እያንዳንዱን ቀበሮ ይዞ መከተብ በማይቻልበት ተራራ ላይ፣ ሁሉንም አድናለሁ ከሚል ዕቅድ ይልቅ ይህኛው ሐቀኛ ነው። ዛሬ በዓለም ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ባሌ ነው።