ቴፑ የወለቀበት መኪና

ነጋዴ ለዕቃው ዋጋ የሚጨምረው አንድ ነገር ሲያክልበት ነው፤ ገዢውም ይህን ተረድቶ ይከፍላል። የስፖርት መኪና ገበያ ግን ከዚህ ሥርዓት ያፈነገጠ አንድ ጠባይ አለው። የጀርመኑ ፖርሸ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ለገበያ ያቀረባት ቦክስተር ስፓይደር ከፋብሪካ ስትወጣ ቴፕም የአየር ማቀዝቀዣም አልነበራትም፤ በሩን ከውስጥ የሚከፍተው እጀታ እንኳ ተነሥቶ በጨርቅ ማንገቻ ተተክቶ ነበር። ዋጋዋ ግን ምቾቱ ከተሟላላት እኅቷ ከቦክስተር ኤስ ይበልጥ ነበር። ፋብሪካው ያልቀነሰለት ባለ መኪና ደግሞ በገዛ እጁ ይቀንሳል። በአውሮፓና በአሜሪካ በዕረፍት ቀናቸው የስፖርት መኪናቸውን ወደ እሽቅድምድም ሜዳ ወስደው የሚፈትኑ ሰዎች አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ዳሽቦርዱን ፈትተው ቴፑን፣ አምፕሊፋየሩን፣ ከወንበር ኋላ የተቀመጠውን ትልቁን ባስ፣ በየበሩ የተሰካኩትን ስፒከሮች እስከ ሽቦአቸው ያወጣሉ።

በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ ዳሽቦርዱ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያፈጠጠበት መኪና ሲታይ ወደ ልብ የሚመጣው ሐሳብ አንድ ነው፤ ሌባ ጎብኝቶታል። ያው ቀዳዳ በጀርመን አገር፣ 20.8 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው በኑርቡርግሪንግ የተራራ ዙር መግቢያ ላይ ሲታይ ግን ባለቤቱን የሚያስከብር ምልክት ይሆናል። ቀዳዳው አንድ ነው፤ ልዩነቱ በማጣትና በመተው መካከል ያለው ልዩነት ነው። ማጣት ማንንም አያስመሰግንም። መተው ግን ከጥንት ጀምሮ የተመሰገነ በመሆኑ፣ የሚተው ሰው ሁሉ ምስጋናውን ሳይመረመር ሊወስድ ይወዳል። ለመሆኑ ቴፑን የሚያወልቀው ሰው የተወው ምንድን ነው? ስለ ምንስ ተወው?

የመጀመሪያው መልስ የሚመጣው ከሚዛን ነው። ክብደት ለፈጣን መኪና በሦስት በኩል ጠላት ነው፤ ሲነሣ ይጎትተዋል፣ ሲቆም ፍሬኑን ያግለዋል፣ በኩርባ ላይ ደግሞ ጎማውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። የሎተስ መሥራች እንግሊዛዊው ኮሊን ቻፕማን የሞተር ጉልበት ከመጨመር ይልቅ ክብደት መቀነስን ሲሰብክ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ጉልበት የሚረዳው በተለይ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ሲሆን፣ ቅለት ግን በሁሉም ስፍራ ይረዳልና። ይሁንና ቁጥሩ በሐቅ ይታይ። አንድ ባለ አምፕሊፋየርና ባለ ባስ የድምፅ መሣሪያ እስከ ሽቦው 15 ኪሎ ይመዝናል ቢባል፣ ከ1,400 ኪሎ መኪና ላይ የሚቀነሰው ከመቶ አንድ እጅ ያህል ነው። 20 ሊትር ቤንዚንም ወደ 15 ኪሎ ይጠጋል። ስለዚህ ነዳጁን ጢም አድርጎ ሞልቶ ወደ ሜዳው የሚገባ ሰው፣ 20 ሊትር አጉድሎ ቢቀዳ ኖሮ አንዲት ብሎን ሳይፈታ ያንኑ ትርፍ ባገኘ ነበር። (ስለ ባለ መኪናው ቦርጭ ማንሣት ነውር ስለሚሆን ይቅር።)

በሌላ ወገን ደግሞ ክብደት የሚቀነሰው እንዲሁ በጥቂት በጥቂቱ ነው። እ.ኤ.አ. የ1973ቷ ፖርሸ ካሬራ አር ኤስ በሁለት ዓይነት ትሸጥ ነበር፤ ምቾቷ የተጠበቀው 1,075 ኪሎ፣ የተራቆተችው 960 ኪሎ ትመዝን ነበር። በመካከላቸው ያለው 115 ኪሎ ከአንድ ትልቅ ዕቃ የተገኘ አይደለም፤ ከምንጣፉ፣ ከኋላ ወንበሮቹ፣ ከሰዓቱ፣ ድምፅ ከሚያፍነው ንጣፍ ተለቃቅሞ የተጠራቀመ ነው። እንዲህ ላለው ሥራ የቴፑ መውጣት ትርጉም አለው፤ የአንድ ሐሳብ አንድ ክፍል ነውና። ቴፑን ብቻ አውልቆ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሰውን ከባድ የቆዳ ወንበር ያስቀረ ሰው ግን ትንኝ አጥርቶ ግመል የዋጠ ነው።

የማክላረን ኤፍ 1 ታሪክ ነገሩን ከዚህ ይበልጥ ያብራራዋል። መሐንዲሱ ጎርደን መሬይ እ.ኤ.አ. በ1992 ለሕዝብ የታየችውን ይህችን መኪና ሲነድፍ ለእያንዳንዱ ብሎን ክብደት ይጨነቅ ነበር። ሙዚቃን ግን አላስወጣም፤ የጃፓኑ ኬንዉድ ኩባንያ በተለይ ቀለል ያለ የሲዲ ማጫወቻ እንዲሠራለት አደረገ እንጂ። መኪናዋ ረጅም መንገድ በምቾት እንድትጓዝ ታስባ ነበርና ያለ ሙዚቃ ሐሳቧ ጎደሎ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የማክላረን መኪኖች የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር ካሸነፉ በኋላ ኤል ኤም የተባሉ ጥቂት መኪኖች ለመታሰቢያ ሲሠሩ ግን የድምፅ መሣሪያው ወጣ። ያው ቤት፣ ያው መኪና ነው፤ አንድ ጊዜ ማስገባቱ ልክ ነበር፣ ሌላ ጊዜ ማስወጣቱ ልክ ሆነ።

በምሥራቅ አፍሪካም ለዚህ ምስክር አይጠፋም። በናይሮቢ ጎዳና ላይ የማታቱ ባለቤት ስፒከሩን አውልቅ ቢባል እንደ እብደት ይቆጥረዋል፤ ወጣቱ ተሳፋሪ የሚመርጠው ሙዚቃው የሚያስተጋባውን ማታቱ ነውና ድምፁ እንጀራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው የሳፋሪ ራሊ ደግሞ ፈጣን መኪና ሁሉ መቅለል እንደሌለበት አስተምሯል። በዚያ ውድድር መኪናው ከብትና የዱር እንስሳ ቢገጥመው ብሎ ፊቱ ላይ የብረት መከላከያ ያስር ነበር፣ ወንዝ ሲሻገር ሞተሩ ውኃ እንዳይጠጣ ወደ ላይ የቆመ የአየር ቧንቧ ይጨምራል። ዘፈን የለበትም፤ ድምፅ ግን አለበት። ረዳቱ የሚመጣውን ኩርባ ከማስታወሻው እያነበበ በራስ ቁሩ ውስጥ ለሹፌሩ ይነግረዋል፤ ያ ድምፅ የጠፋ ዕለት ፍጥነቱም ይጠፋል።

ጉዳዩ ከሹፌሩ አልፎ ወደ ሌላ ሰው ሲደርስ ደግሞ ጨዋታነቱ ያበቃል። በዛሬው መኪና ውስጥ ቴፕ የሚባለው ነገር ቴፕ ብቻ አይደለም። ወደ ኋላ ሲኬድ ሕፃን ከበስተኋላ መኖር አለመኖሩን የሚያሳየው ካሜራ በዚያው ሰሌዳ ላይ ይታያል፤ በአሜሪካ ከ2018 ጀምሮ አዲስ የቤት መኪና ያለዚህ ካሜራ እንዳይሸጥ ሕግ ወጥቷል። በአንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች የድምፅ መሣሪያዎቹ ብርሃን በሚያስተላልፍ ክር በአንድ ቀለበት የተያያዙ በመሆናቸው አንዱ ሲነቀል ሌሎቹም ዝም ይላሉ። ከሁሉ የሚከፋው የበሩ ነው። ከጎን ግጭት ሲደርስ በበሩ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት በድንገት መጨመሩን ለክቶ የአየር ከረጢቱን የሚያስነፋ መሣሪያ ያላቸው መኪኖች አሉ፤ አንዳንድ አምራቾች የበሩን ስፒከር አውልቆ ቀዳዳ መተው ይህን ልኬት እንደሚያዛባ በመመሪያ መጽሐፋቸው ያስጠነቅቃሉ። ቅዳሜ በሜዳው ላይ ሦስት ኪሎ ለመቀነስ የተከፈተው ቀዳዳ ሰኞ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት ሲወሰድም ተከፍቶ ይቆያል። አባትየው ዘፈኑን ሲተው የራሱን ነው የተወው። ከልጁ ጎን ያለውን ጥበቃ ሲያጎድል ግን የተወው የራሱን አይደለም፤ ልጁንም ማንም አልጠየቀውም። ስለ ምናኔ የሚወራው ሁሉ እዚህ ላይ ይቆማል፤ መናኝ ለራሱ ይጾማል እንጂ የጎረቤቱን ማዕድ አያነሣም።

የሚወልቀው ዕቃ መጨረሻም ልብ ሊባል ይገባዋል። ብዙውን ጊዜ አይጣልም። በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ብሎኖቹ በትንሽ ከረጢት ታስረው፣ ጋራዡ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ መኪናው ሲሸጥ ገዢው ይጠይቃልና። መመለሻው የተዘጋጀለት መተው ነው። አንዳንዴ ደግሞ መጉደሉ ራሱ ሀብት ይሆናል፤ ያች የተራቆተችው የ1973 ካሬራ አር ኤስ በዛሬው የአሮጌ መኪና ገበያ ከባለ ምቾቷ እጅግ በሚበልጥ ዋጋ ትሸጣለች። የሌለውን ምንጣፍ በውድ የሚገዛ ባለጸጋ ድሀ ለመምሰል የሚከፍለው ቀረጥ አለ ማለት ነው።

እንግዲህ ክብደቱ ጥቂት፣ ክብሩም አጠራጣሪ ከሆነ፣ አንድ ተቃውሞ ይቀራል፤ ቴፕ ማጥፊያ አለው፣ ተጭኖ ዝም ማሰኘት እየተቻለ ማውለቅ ለምን? ጥያቄው ለአሮጌ መኪና ልክ ነው። ለአዲሱ ግን ሁልጊዜ ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የቢ ኤም ደብልዩ ኤም 5 መኪና የሞተሩን ድምፅ በስፒከሮቹ በኩል ለሹፌሩ ያሰማ ነበር። ተርቦው የጭሱን ድምፅ ያፍነዋል፣ ወፍራሙ ንጣፍም ውጭውን ይዘጋዋል፤ ስለዚህ ከሞተሩ ዙርና ከሹፌሩ አረጋገጥ ጋር የሚስማማ ድምፅ ተዘጋጅቶ ከውስጥ ይለቀቃል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች አምራቾችም በዚህ መንገድ ሄደዋል። ሬዲዮው ቢጠፋም ይህ ድምፅ አብሮ አይጠፋም። መኪናው ራሱን የሚያሞግስ አዝማሪ ቀጥሯል፣ የሚያሞግሰውም በገዛ ድምፁ አስመስሎ ነው።

በሜዳ ላይ በፍጥነት የሚነዳ ሰው ደግሞ ከዓይኑ ቀጥሎ የሚታመነው በጆሮው ነው። ጎማ መያዙን ከመልቀቁ በፊት የሚያሰማው ጩኸት አለ፤ ፍሬን ሸራው ሲያልቅ ይፍጫል፤ ማርሽ የሚቀየርበትን ጊዜ ልምድ ያለው ሰው ሰሌዳውን ሳያይ ከሞተሩ ቃና ይለየዋል። ስፒከሮቹ ሲወጡ ሞገሳው ያቆማል፣ እነዚህም ይሰማሉ። ያን ዕለት የሚገኘው ግን ሁልጊዜ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ሞተሩ ያገሳል ብሎ ጆሮውን ያቀና ሹፌር በመጀመሪያው ዙር የሚሰማው የፊተኛው ግራ ጎማ ኩሽኔታ ጉርምርምታ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ወራት ያስቆጠረ፣ ሙዚቃው ሸፍኖት የኖረ። ሁለተኛውን ዙር ትቶ ወደ ጋራዥ ይመለሳል።