የዘጌው ሠዓሊና ልብ ወለዱ

አንድ ሰው ሠዓሊም ደራሲም ሲሆን ተሰጥዖው ሁለት ነው ወይስ አንድ? በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ላደገ ሰው ጥያቄው ትንሽ እንግዳ ነው። ቅኔ የሚቀኘው ደብተራ ብራና ሲጽፍ፣ ጽሑፉንም በሐረግ ሲያስጌጥ ሙያ ቀየረ የሚለው የለም። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ግን ጥያቄውን ያከብዱታል።

አፈወርቅ በ1860 ዓ.ም. ዘጌ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ጣሊያን ተልከው ቱሪን ውስጥ ሥዕል ተማሩ፤ ሲመለሱም እንጦጦ ላይ ቤተ ክርስቲያን በሥዕል አስጌጡ። ዛሬ የምናውቃቸው ግን በዚያ አይደለም። የምናውቃቸው በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት፣ በኋላ «ጦቢያ» በተባለው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው።

መጽሐፍ ይባዛል፣ የግድግዳ ሥዕል አይባዛም ብለን እንለፈው? አያስኬድም። ሠዓሊውና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በሕይወት ሳለ ስሙን የተከለው በሥዕል ነው፤ ግጥሞቹ በመጽሐፍ የተሰበሰቡት በ1973 ዓ.ም. በስደት ከሞተ በኋላ ነው። ቅኔማ ለዕለቱ ተዘርፎ ለሌላ ቀን አይደገምም፤ ስላልተደገመ ግን ያነሰው ቅኔ የለም። ስለዚህ የትኛው ሥራ ተረፈ ማለት የትኛው ተሰጥዖ በለጠ ማለት አይደለም።

ይልቅ ሠዓሊውን መጽሐፉ ውስጥ እንፈልገው። ብዙ አንባቢ የሚፈልገው በመልክና በአገር ገለጻው ነው። እኔ ግን የማገኘው በሤራው ነው። ባለታሪኳ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ አባቷን ተከትላ ትሄዳለች፤ ጦቢት የተባለች ልጃገረድ ወንድ መስላት ትወዳታለች። ታሪኩ የቆመው ዓይን ባየው ነገር መሳሳት ላይ ነው። መልክ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚያታልል ማወቅ የሠዓሊ ሙያ ነውና፣ እዚህ ላይ ብሩሹና ብዕሩ አንድ ናቸው እላለሁ።

አንድነቱ ግን እስከ ሞራል ፍርድ አይዘልቅም። አፈወርቅ በዐድዋ ዘመን ከጣሊያን ጋር ወገኑ፤ ቆይተው ደግሞ «ዳግማዊ ምኒልክ» የተባለ የውዳሴ መጽሐፍ ጻፉ። የዘመኑ ጸሐፊ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በመጽሐፉ ለቴዎድሮስና ለዮሐንስ ፍትሕ እንደነፈጉ ጽፎ ነቀፋቸው። (ነቀፋው ተገቢ ነበር።) በፋሺስት ወረራም «አፈ ቄሳር» ተብለው ወራሪውን አገለገሉ። በ1933 ዓ.ም. ቡሬና ደምበጫ ላይ ጣሊያን ሲወጋ፣ የዘጌው ልጅ ስም ከወራሪው ጋር የተጻፈ ነበር። ከነጻነት በኋላ የተፈረደባቸው ሞት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ በግዞት እንዳሉም ጅማ ላይ ዐረፉ።

በሁለት ጥበብ መሠልጠን ሰውን ሙሉ ያደርገዋል የሚለው ተስፋ በእሳቸው አልሠራም። የጎጃም የአማርኛ መምህራን ሆይ፣ «ጦቢያ»ን ስታስተምሩ ሠዓሊነታቸውንም ባንዳነታቸውንም ለተማሪው ንገሩት፤ መጽሐፉን ግን አትንፈጉት።