ለወገብህ እዘንለት

ልጄ፣ ከጓደኛህ ጋር ሆነህ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ያለውን የባሕር ዛፍ ቁራሽ ገዝታችሁ፣ ቆርጣችሁና ፈልጣችሁ ለማገዶ ልትሸጡ መነሣታችሁን እናትህ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ነው። እናትህ ግን ሌላም ነገር ጨመረችልኝ፤ ግንዱን ከገደሉ ሥር በትከሻችሁ እያወጣችሁ እንደሆነና ማታ ማታ ወገብህን አሳሽተህ እንደምትተኛ። ይህን የምጽፍልህ ስለዚያ ወገብ ነው።

ስለ መጥረቢያ አልመክርህም፤ አያያዙን ከልጅነትህ ጀምሮ ታውቀዋለህ። ሰው የማገዶ ሥራ ሲባል ስለ ስለትና ስለ ዛቢያ ብቻ ያወራል። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳው ገና አንድ ፍልጥ ሳይፈልጥ፣ ግንዱን ከወደቀበት አንሥቶ ለመጋዝ ሲያመቻች ነው። በእኛ ሰፈር አንድ ጉልበቱ የተመሰገነ ሰው ነበር። ግንድ ሲወድቅ እሱ ይጠራ ነበር፤ እሱም ሲጠሩት አይቀርም። አርባ ዓመት ሳይሞላው እርፍ ለመያዝ ማጎንበስ አቃተው። ያመሰገኑት ሁሉ እርሻውን አላረሱለትም።

እስቲ ክብደቱን እናስላው። ነጭ ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ ክብደቱ ከውሃ እምብዛም አይለይም። ውፍረቱ 40 ሳንቲሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ ግንዲላ 4 ኩንታል ሊጠጋ ይችላል ማለት ነው። አንዱን ጫፍ ብቻ ከመሬት ለማላቀቅ 2 ኩንታል ማንሣት ያስፈልጋል፤ ሁለት ብትሆኑ ለየራሳችሁ አንድ አንድ ኩንታል፣ ያውም አጎንብሳችሁ፣ መያዣ በሌለው፣ ቅርፊቱ በሚያሟልጭ ነገር ላይ። ወገብ ለዚህ አልተፈጠረም።

አሁን ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው፣ የደረቀና ቀጥ ያለ አጣና ፈልግ። እርጥቡ ይለምጣል፤ ስለዚህ የደረቀ ይሁን፣ ጠንከር ያለ ወይራ ካገኘህ ደግሞ የበለጠ ነው። ዲጂኖ ካላችሁም እሱን ያዙ። ጫፉን ከግንዱ ሥር አስገባ፤ አልገባ ካለ በዲጂኖው አፈሩን ጫር ጫር አድርገህ መግቢያ አብጅለት። ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል፣ 20 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ፣ ከአጣናው ሥር ድንጋይ ደግፍ። ከዚያ ሌላውን ጫፍ ወደ ታች ተጫነው። ከድንጋዩ ወዲህ ያለው 180 ሳንቲሜትር ነው፣ ወዲያ ያለው 20። ዘጠኝ እጥፍ ነው። 2 ኩንታል የነበረው ጫፍ በእጅህ 22 ኪሎ ይሆናል። አንድ ጀሪካን ውሃ እንደ ማንሣት ነው፤ እሱንም ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች መጫን ነው፣ ክብደትህ ራሱ ያግዝሃል።

ድንጋዩ ላይ አትቸኩል። ጠፍጣፋና ሰፊ ይሁን፤ ድቡልቡሉ ሥራው መሐል ላይ ይንሸራተትብሃል። መሬቱ ርጥብ ከሆነ ድንጋዩ ይሰምጣል፣ ከሥሩ ጣውላ ወይም ጉማጅ አንጥፍለት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የተባለ ይመስለኛል። አጣናውን ስትጫን ከጎኑ ቁም እንጂ በእግሮችህ መሐል አታድርገው፤ በደረትህም አትተኛበት። ካመለጠ ተስፈንጥሮ የሚመጣው አገጭህ ወዳለበት ነው። ግንዱ አሸንፎህ መንከባለል ከጀመረ ደግሞ አጣናውን ለቅቀህ ወደ ዳገቱ ዘወር በል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንተ ግን ልቀቅ፤ አጣና ይተካል።

ጫፉ ትንሽ ከፍ ሲል ወዲያው ታኮ ይግባበት። ታኮውን የሚያስገባው ጓደኛህ ነው፤ በእጁ ሳይሆን በእንጨት እየገፋ። ከተነሣ ግንድ ሥር እጅ አይገባም፣ «ለአንድ አፍታ» ተብሎም አይገባም። ከዚያ ድንጋዩን ከፍ ታደርጋለህ፣ እንደገና ትጫናለህ፣ ወፈር ያለ ታኮ ይገባል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ ስትጫን ግንዱ ከመሬት አንድ ስንዝር ተላቅቆ ታገኘዋለህ፤ አንዳችሁም አላማጣችሁም።

ለምን ከመሬት ይነሣ ትለኝ ይሆናል። አንደኛ ለመጋዙ ነው። መሬት ላይ የተኛን ግንድ እስከ መጨረሻው ስትቆርጥ ጥርሱ አፈርና ጠጠር ይነካል፤ ማለዳውን ሙሉ የሞረድከው ስለት በዚያች ቅጽበት ይደንዛል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ግንዱ ሁለቱ ጫፎቹ ላይ ተደግፎ መሐሉ ባዶ ከሆነና ከላይ መሐሉን ከቆረጥከው፣ ወደ ታች ሲጎብጥ የላይኛው ወገን ይጣበቃል፤ መጋዙን ነክሶ ይይዘዋል። ያኔ ነው ሰው መጋዙን ሲጎትት ትከሻውን የሚያስወጣው። የምትቆርጠው ቁራጭ ከድጋፉ ወጥቶ አየር ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ ግን በራሱ ክብደት ወደ ታች ሲያዘቀዝቅ ቁርጡ ይከፈታል፣ መጋዙም ይሠራል። ስለዚህ ድጋፉን መሐል ለመሐል አድርግና ከጫፍ ጀምረህ እየቆረጥክ ና፤ ግንዱ ባጠረ ቁጥር ድጋፉን አስጠጋ። እግርህን ከተንጠለጠለው ሥር አርቅ።

ግንዱ በጣም ከብዶ ጨርሶ ማንሣት ካልቻላችሁ ደግሞ ይህን አድርጉ። በየክንዱ ምልክት አድርጉበት፤ በየምልክቱ ከላይ ወደ ታች ሁለት ሦስተኛውን ያህል ቁረጡና ተዉት፣ አትጨርሱት። ሁሉንም ካዳረሳችሁ በኋላ ግንዱን አንድ ጊዜ ብቻ ገልብጡት፤ የቀረውን ከላይ ትጨርሱታላችሁ። መጋዙ አፈር ሳይነካ ግንዱ ያልቃል። እኔ እንዲህ ሲሠራ ማየት ደስ ይለኛል።

መገልበጡ ላይ ነው እንግዲህ አዲስ ነገር የምነግርህ። አጣና ግንድን ያነሣል እንጂ ሲያንከባልል ያመልጠዋል፤ የሚይዝበት የለውም። በሰሜን አሜሪካ እንጨት ቆራጮች ግን ረጅም ዛቢያ ያለው፣ ከዛቢያው ታችኛ ጫፍ አካባቢ ቆልማማ መንጠቆ የተንጠለጠለበት መሣሪያ አላቸው። መንጠቆው በግንዱ ላይ ዞሮ ከወዲያ በኩል ይነክሳል፤ ዛቢያውን በሳብከው መጠን ንክሻው እየጠበቀ ይሄዳል፣ ግንዱም ይሽከረከራል። ከዚህ ዓይነቱ ዝነኛውን የሠራው በሜይን ግዛት ይኖር የነበረ ጆሴፍ ፒቪ የሚባል አንጥረኛ ነው፤ በፈረንጆቹ 1850ዎቹ መጨረሻ ገደማ። ከእሱ በፊት የነበረው መንጠቆ ልቅ ስለሆነ ወዲያና ወዲህ ይዋልል ነበር። እሱ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ እንዲንቀሳቀስ አድርጎ አሠረው፣ በዛቢያውም ጫፍ ሹል ብረት አደረገበት። መሣሪያው እስከ ዛሬ በአንጥረኛው ስም ይጠራል።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ነገር አለ። እዚያ የአንጥረኛ ስም ለመሣሪያ መጠሪያ ሲሆን፣ እኛ አገር ብረት የሚሠራውን «ቡዳ» እያልን ስናርቀው ኖርን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ኖረ። ማረሻችንን፣ ምሳራችንን፣ ማጭዳችንን የሰጠን ይኸው ብረት ሠሪ ነው። ስለዚህ ወደ ቀጥቃጩ ስትሄድ በክብር ሂድ፤ የሚያስፈልግህን አስረዳው፣ የሱንም ሐሳብ ስማ። ብረቱን ከአንተ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።

የምታሠራው እንዲህ ነው። ዛቢያው ወይራ ይሁን፣ ከ120 እስከ 150 ሳንቲሜትር። መንጠቆው ከመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ ይውጣ፣ ጫፉ ሾጠጥ ብሎ ወደ ውስጥ ይጉበጥ። ማሠሪያው ዛቢያውን ግጥም አድርጎ የሚይዝ የብረት ቀለበት ሆኖ፣ መንጠቆው በአንድ ወፍራም ቡሎን ይንጠልጠልበት። ከዚያ ወደ ብየዳ ቤት ውሰደውና መንጠቆው ካለበት ተቃራኒ ወገን አጭር የብረት እግር፣ ከሥሩም አግድም ብረት አስበይድበት። መካከለኛ ግንድ ስትነክስበትና ዛቢያውን እስከ መሬት ስትስበው፣ ግንዱ በእግሩ ላይ ወጥቶ ከመሬት ተላቅቆ ይቆማል። አንድ መሣሪያ ያንከባልላል፣ ያነሣል፣ ይዞም ያቆማል ማለት ነው።

ቁልቁለት ላይ ስትሠሩ ግን መሣሪያም አያድንም፤ ቦታ አያያዝ ነው የሚያድነው። ምንጊዜም ከግንዱ በላይ በዳገቱ በኩል ቁሙ። ግንዱ ገና ሲጀምር ቀስ ይላል፣ የምታቆመው ይመስልሃል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ከሥር ማንም አለመኖሩን ሳታይ አትንካው፤ ከታች መንገድ ካለ ሰው አቁም። በተለይ ቅጠል ለቃሚ ሴቶችና ልጆች ጫካው ውስጥ አይጠፉም፤ ለእንጀራ መጋገሪያ የወደቀውን ቅጠልና ቅርፊት የሚሰበስቡት እናንተ በምትቆርጡበት ሰዓት ነው። ጮክ ብላችሁ ተጣሩ። በደረቅ ጦስ እርጥብ ይነዳል፤ በእናንተ ችኮላ የሌላ ሰው ልጅ አይጎዳ።

ግንዱን ሳትነኩ መንገዱን ጥረጉ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ከመድፉ ፊት መንገድ ይሠራ ነበር፤ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ ይሠሩ ነበር። የጎተተው ሕዝብ ብዛት ብቻውን ያንን ዳገት አያስወጣም ነበር። የእናንተም ጉቶ፣ ጉድጓድና ድንጋይ መጀመሪያ ይጠረግ፤ ከሥሩ ክብ ክብ እንጨት ከረበረባችሁለት ግንዱ በርዝመቱም ይነዳል።

አይሱዙ ላይ ስትጭኑም «ሆ» ተብሎ በትከሻ የሚወጣውን ተዉት። ሦስት ሜትር የሚሆኑ ሁለት ጠንካራ አጣናዎች ከመኪናው ወለል ወደ መሬት አጋድሙ፤ እንዳይንሸራተቱ እሰሯቸው። ሁለት ገመድ መኪናው ላይ አንድ አንድ ጫፋቸውን ቋጥሩ፣ በአጣናዎቹ ላይ ወርደው በግንዱ ሥር ይለፉ፣ በላዩ ዞረው ወደ መኪናው ይመለሱ። ላይ ያላችሁት ስትስቡ ግንዱ እየተሽከረከረ ይወጣል። የመኪናው ወለል 1 ሜትር ከፍታ ቢኖረው፣ የአጣናው ተዳፋት ክብደቱን ወደ አንድ ሦስተኛ፣ የገመዱ አዟዟር ደግሞ ያንኑ ወደ ግማሽ ያወርደዋል። 4 ኩንታሉ 67 ኪሎ ገደማ ሆነ፤ ለሁለት ሰው ሠላሳ ምናምን ኪሎ። ከግንዱ በታች ማንም አይቁም፤ ገመዱ ቢበጠስ ግንዱ የሚወርደው በዚያው በወጣበት ነው።

ሌላው ቀላል ነው። ባሕር ዛፍን እርጥቡን ፍለጡት፤ ከደረቀ መጥረቢያ ይመልሳል። ክረምት ሳይገባ ከምራችሁ ከላይ አልብሱት። ጉማጁን በእጅ ስታነሡ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ ወደ ሆዳችሁ አስጠግታችሁ ይሁን።

አንድ ነገር ግን ልለምንህ። ሌሎቹ ቆራጮች በድንጋይና በአጣና ስትለፋ አይተው «ጉልበት አጣህ እንዴ?» ይሉህ ይሆናል። ለዚህ ነገር ብለህ ግንድ እንዳታነሣ። ወጣት ስትሆን ይህ ቃል እንደሚያም አውቃለሁ፤ ወገብ ግን የሌላ ሰው አፍ አይቶ አይድንም። ጓደኛህንም አትጎትተው፣ ሲደክመው አሳርፈው፤ አጣና የሚጫንና ታኮ የሚያስገባ ሰው አንዱ ሲዝል ሌላው ነው የሚጎዳው።

ባሌስትራውን እኔ ከምናለሽ ተራ እገዛልሃለሁ፤ እዚያ ከዋጋውም ከጥራቱም መምረጥ ይቻላል። ቅዳሜ በሚወጣው መኪና እልክልሃለሁ፣ መናኸሪያ ጠብቀህ ተቀበል። ለሁለት መንጠቆ የሚበቃ ይሆናል፤ አንዱን ለጓደኛህ አሠራለት። ቡሎኑንና የወይራውን ዛቢያ እዚያው ፈልግ፣ የቀጥቃጩን ዋጋ ሳትከራከር ክፈለው። እስከዚያ ድረስ ገደሉ ሥር ያለውን ግንድ ባለበት ተወው።