ሃምሳ ሎሚ በቁምስናችን

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል ተረታችን። ሎሚው ያው ነው፤ የተለወጠው የተሸካሚው ቁጥር ነው። አንዱን ሰው ወገቡን የሚያጎብጠው፣ ለሃምሳ ሲዳረስ በእጅ ተይዞ የሚሸተት የበዓል ጌጥ ይሆናል። ተረቱን የምናነሣው ለደቦ፣ ለዕድርና ለመዋጮ ነው። እኔ ዛሬ ወደ ካቶሊክ ቁምስናችን ይዤው ልግባ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት ቆይታችሁ ተመልከቱ። ወንበሩን የምትሰበስበው ሁልጊዜም ያችው እናት ናት። ለልጆች ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምረው ወጣት መዘምራኑንም ይመራል፤ የጣሪያ ማሳደሻውን ሒሳብ የሚይዘውም እሱው ነው። ቆሞሱ ልብሰ ተክህኖውን ሳያወልቁ የመብራት ክፍያው፣ የፈረሰው አጥርና የታመመ ሰው ጥሪ ይጠብቃቸዋል። ሌሎቻችን ቡራኬ ተቀብለን ወደ ቤታችን እንሮጣለን። ሃምሳው ሎሚ በአራትና በአምስት ሰው ትከሻ ላይ ነው። እነሱ የደከማቸው ቀን ደግሞ «ቀዘቀዙ» ብለን እናማቸዋለን።

ተረቱ ያልተናገረው ነገር እዚህ ላይ ይገለጣል። ሃምሳ ሰው ስለተሰበሰበ ብቻ ሸክም ጌጥ አይሆንም፤ እያንዳንዱ ጎንበስ ብሎ የራሱን ማንሣት አለበት። «ሌላው ያነሣዋል» የሚል ሃምሳ ሰው ከአንድ ብርቱ ሰው ያንሳል። ደግሞም የሁሉም አቅም እኩል አይደለም። ተረቱ ለሁሉም አንዳንድ ሎሚ ያድላል፤ ወንጌል ግን ሌላ ሚዛን አለው። ጌታችን በቤተ መቅደስ ከሰጪዎቹ ሁሉ ያመሰገናት ሁለት ሳንቲም የጣለችውን ድሃ መበለት ነው። ስለዚህ ድሃው «ምን አለኝና» ሊል፣ ባለጸጋውም በትርፍራፊ ሊገላገል አይችልም። የግዕዝ ሥርዓት ተከታዮች የምንመራበት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና በቁጥር 25 ይህን ግዴታ ይለዋል፤ ለአምልኮ፣ ለሐዋርያዊ ሥራ፣ ለበጎ አድራጎትና ለአገልጋዮች መተዳደሪያ ምእመናን ሊረዱ ይገባል። የላቲኑም ሕግ በቁጥር 222 ያንኑ ይደግማል።

ታሪካችንም ለተረቱ ይመሰክራል። ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ የሚላቸው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ አገራችን ሲገቡ ሁሉን ብቻቸውን ለመሸከም አልሞከሩም። የአገሩን ቋንቋ ተምረው፣ የአገሩን ልጆች ለክህነት አዘጋጁ። የጎጃሙ ሊቅ ብፁዕ ገብረ ሚካኤል ከእሳቸው ጋር የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ አሰናዱ፤ በ1851 ቅስና ተቀበሉ፤ በ1855 ስለ እምነታቸው በሰንሰለት እንደታሰሩ ዐረፉ። አቡነ ያዕቆብ በ1860 ሲያርፉ ሥራው አብሯቸው አልተቀበረም፤ አስቀድመው ለብዙዎች አካፍለውት ነበርና።

ይሁን እንጂ ተረቱ አንድ ቦታ ላይ አይደርስም። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ከታደለ ለሃምሳ አንደኛው አይተርፍም። እምነት ግን ሲያካፍሉት አይጎድልም። እናት ልጇን አባታችን ሆይ ስታስተምር ጸሎቷ አይቀንስም፤ እንዲያውም የልጇ ጥያቄ የራሷን እምነት ያጠራላታል። በኢትዮጵያ እኛ ካቶሊኮች ከመቶ አንድ እንኳ አንሞላም፤ ስለዚህ እምነታችንን ዝም ብለን ከያዝነው ልጆቻችን እንኳ ላይወርሱት ይችላሉ። እምነትን ማካፈል ከጎረቤት ጋር መከራከር አይደለም። «ተስፋህ ከምን የመጣ ነው?» ለሚል በትሕትና መመለስ ነው፤ ከቅዳሴ የራቀውን ወንድም ቤቱ ድረስ ሄዶ «ናፍቀኸናል» ማለት ነው።

እንግዲህ በሚመጣው እሑድ የቁምስናውን ምክር ቤት «ሰው ያጣው ሥራ የትኛው ነው?» ብለን እንጠይቅ። ኤሌክትሪክ የሚያውቅ መብራቱን ይይ፤ ሒሳብ የተማረ መዝገቡን ይያዝ፤ ደመወዝተኛው በየወሩ ቁርጥ ያለ ነገር ይመድብ፤ ጉልበት ብቻ ያለው ወንበሩን ከእናታችን ይቀበል። አገልግሎት በጥቂቶች ላይ ሲከመር ያማርራል፤ ሁላችን ስንይዘው ደስታ ይሆናል። ቁምስናው የቆሞሱ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሁላችንም የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።